ስለ ኢንዶሚ ጥብስ፤ በቤት ውስጥ በቃሪያና በበርበሬ አሠራሩና ንጽሕናው



ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወደ ገጠር ሱቅ ብቅ ያለ ሰው፣ ከሳሙናውና ከክብሪቱ ጎን፣ በሚያብረቀርቅ ላስቲክ የታሸገ ደረቅ ምግብ ተደርድሮ ያያል። ልጆች «ኢንዶሚ» ይሉታል። በእውነቱ ኢንዶሚ የአንድ የኢንዶኔዥያ ምርት የንግድ ስም ነው፤ ነገር ግን የማንም ፋብሪካ ሥራ ቢሆን በዚሁ ስም መጥራት ስለ ተለመደ፣ እኛም ሕዝቡ በሚጠራው ስም እንጠራዋለን።

ቤት ለቤት ለጉብኝት በወጣን ቁጥር፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድና ስለ ክትባት ተነጋግረን ስንጨርስ፣ እናቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። «ልጁ ኢንዶሚ ካልሆነ አልበላም አለኝ፤ ይጎዳው ይሆን ወይስ ያወፍረዋል?» ይሉናል። አንዳንዷ ደግሞ «ከተማ ያለችው እኅቴ በቃሪያ ጠብሳ ስታቀርበው ያምራል፤ እኔ ስሠራው ግን እንደ ሊጥ እየተጣበቀ አስቸገረኝ» ትለናለች። ስለዚህ በዚህች ወረቀት ላይ አሠራሩንም ንጽሕናውንም አንድ ላይ እንነግራችኋለን። ሁለቱ የማይነጣጠሉ ናቸው፤ ይህ ምግብ እሳት ላይ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ፣ እንደ ወጥ ብዙ ጊዜ ተንተክትኮ የእጃችንን ስሕተት አያርምልንም።

ኢንዶሚ ምንድን ነው?

ኢንዶሚ የፓስታ ዘመድ ነው። የስንዴ ዱቄት በውሃና በጨው ይለወስና እንደ ክር ቀጥኖ ተጠማዝዞ በእንፋሎት ይበስላል፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ በዘይት ተጠብሶ ይደርቃል። በሁለት በሦስት ደቂቃ ፈልቶ የሚለሰልሰውም ስለዚህ ነው፤ አስቀድሞ የበሰለ ነውና። ይህን ዘዴ ያወጣው በጃፓን አገር ይኖር የነበረ ሞሞፉኩ አንዶ የሚባል ሰው ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ምርቱን ለገበያ ያቀረበው በ1950 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን የቻይና ሰዎችና ጎረቤቶቻቸው ለብዙ መቶ ዓመታት የስንዴውን ክር በእጃቸው እየሠሩ ይቀቅሉት ነበር፤ ጎድጓዳ የብረት መጥበሻ በኃይለኛ እሳት ላይ ጥደውም ከአትክልት ጋር ቶሎ ቶሎ እያገላበጡ ይጠብሱታል። ኢንዶኔዥያዎች ይህን ጥብስ «ሚ ጎሬንግ» ይሉታል፤ የተጠበሰ ኑድል ማለት ነው። እነርሱም እንደኛው የሚያቃጥል ቃሪያ ወዳጆች ናቸው። ፓስታን ከጣልያኖች ተቀብለን በበርበሬ ስልስ እንዳለማመድነው ሁሉ፣ ይህንንም በራሳችን ቅመም ብንሠራው ነውር የለበትም።

ጉዳት አለው ወይስ ጥቅም ለሚለው፣ መልሳችን እንዲህ ነው። ዱቄትና ዘይት ስለ ሆነ ጉልበት ይሰጣል። ሰውነትን የሚገነባው ነገር ግን በውስጡ ጥቂት ነው፤ ለዓይንና ለደም የሚያስፈልገውም እንዲሁ። በትንሿ ከረጢት ያለው ቅመም ደግሞ ከሁሉ የሚበዛበት ጨው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃዋል ይላል፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ማለት ነው። ለሕፃን ከዚያም ያንሳል። እንግዲህ ልጁ በቀን ሁለት ጊዜ ከነቅመሙ ሲበላ ስንት ጨው እንደ ዋጠ አስቡት! ጨው ሲበዛ ውሎ አድሮ የደም ግፊትን ያመጣል። በሚያምር ላስቲክ ስለ ተጠቀለለ ብቻ ከሽሮ የሚበልጥ መስሎን አንሳሳት፤ እኛ ብንጠየቅ ለልጅ ሽሮውንና ምስሩን እናስቀድማለን። ኢንዶሚ አልፎ አልፎ፣ ማገዶ ሲያጥር ወይም እንግዳ ድንገት ሲመጣ፣ አትክልትና እንቁላል ተጨምሮበት ቢሠራ ግን መልካም ምግብ ነው።

አንድ ነገር ግን ከልክሉልን። ልጆች ከሱቅ ገዝተው፣ ላስቲኩን ሳይከፍቱ በመዳፋቸው እየጨፈለቁ፣ ቅመሙን በላዩ ነስንሰው ደረቁን ይቆረጥሙታል። በመንገድ ላይ፣ ባልታጠበ እጅ፣ ያን ሁሉ ጨው! ከዚያ ወዲያ እራት ስታቀርቡላቸው «ጠግቤአለሁ» ይላሉ።

በሱቅ ስትገዙ

ላስቲኩ የተቀደደ፣ አይጥ የነካው ወይም እርጥበት የገባበት አይገዛም። ዘይት ያለበት ምግብ ስለ ሆነ ሲቆይ ይበላሻል፤ የቆየ ቅቤ ሽታ ካመጣ ጣሉት። በጀርባው ላይ የመበላሻው ቀን ታትሟል፤ ዳሩ ግን ቀኑ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ አባት 2026 የሚል አይተው «ገና ስምንት ዓመት ይቆያል እኮ» ብለው ካርቶኑን በሙሉ ገዝተው አይተናል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከጥር መባቻ አካባቢ እስከ ጳጉሜ ባለው ጊዜ ከሆነ 8 ይቀነሳል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከሆነ 7 ይቀነሳል። ስለዚህ ስድስተኛው ወር 2026 የሚል ቢሆን፣ በእኛ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ 2018 ዓ.ም. ማለት ነው። ማንበብ የማይችል ቢኖር የተማሪ ልጁን ዓይን ይዋስ።

ላስቲኩን እሳት ለማቀጣጠል አትጠቀሙበት። ብዙ ቤት ይህ ልማድ ሆኗል፤ ጭሱ ግን ለሳንባ መርዝ ነው፤ በተለይ በጓዳ ውስጥ ሕፃን ታዝሎ ሲሆን።

እሳቱ ከመንደዱ በፊት

የጥብስ ሥራ እንደ ወጥ ሥራ አይደለም። ወጥ የምትሠራ እናት ሽንኩርቱን ጥዳ በርበሬ ልትሰፍር ትሄዳለች፤ ተመልሳም ታማስላለች። ጥብስ ግን ፋታ አይሰጥም። ሁሉ ነገር ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ በየሳህኑ ተቀምጦ ካልጠበቃችሁ፣ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው ያርራል። በዚያ ጥድፊያ መካከል ደግሞ እጅ መታጠብ ይረሳል፤ ጥሬ የነካው ቢላዋ የበሰለውን ይነካል። የምናሳስባችሁ ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ እጅ። ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ልጅ አጸዳድተን፣ ወይም ከብት ነክተን ያልታጠበ እጅ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያንን ወደ ድስቱ ያስገባል። በሳሙናና በሚፈስ ውሃ፣ በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር እያሹ፣ ቢያንስ እስከ ሃያ ቆጥሮ መታጠብ ነው። ሳሙና ከጠፋ ንጹሕ አመድ ይሆናል። በሳፋ ውስጥ በተቀመጠ ውሃ ሁሉ ሰው ተራ በተራ እጁን መንከሩ ግን መታጠብ አይባልም፤ የአንዱን እድፍ ለሌላው ማካፈል ነው። አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ከላይ በጎኑ በጋለ ምስማር ብሱትና በሁለት ባላ እንጨት መካከል አንጠልጥሉት፤ ከአንገቱ ላይ ገመድ አስራችሁ ጫፉን ከታች ካለ እንጨት ጋር አያይዙት። እንጨቱን በእግር ሲረግጡት ጀሪካኑ ዘንበል ብሎ ውሃ ያፈስሳል፤ እጅም ጀሪካኑን አይነካም። ወጪ የለውም፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

በእጃችሁ ላይ መግል የቋጠረ ቁስል ካለ፣ ያን ቀን ሌላ ሰው ያብስል። ሌላ ሰው ከሌለም ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ላስቲክ አልብሱት። በመግል ውስጥ ያለው ተሐዋሲ ምግብ ላይ ሲያርፍ የሚያወጣው መርዝ በማፍላት አይጠፋምና።

ለአምስት ሰው የሚበቃ ይህን አዘጋጁ። አራት እሽግ ኢንዶሚ (በየአንዳንዱ 70 ግራም ያህል ያለበት)፣ ግማሽ ትንሽ ጥቅል ጎመን፣ ሁለት ካሮት፣ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብል፣ ሁለት ወይም ሦስት ቃሪያ፣ ሦስት እንቁላል፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ። ኢንዶሚ ባይገኝ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ቀጭን ፓስታ እንዲሁ ይሠራል፤ መቀቀያው ጊዜ ብቻ ይረዝማል። ጥቅል ጎመን ባይኖር የጓሮ ጎመን በቀጭኑ ይከተፍ፤ እንዲያውም አረንጓዴው ቅጠልና ብጫው ካሮት በዘይት ሲበስሉ ለዓይን የሚጠቅመውን ቫይታሚን ኤ ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። ቃሪያውም ቢሆን ምላስን ለማቃጠል ብቻ አልተፈጠረም፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ በአትክልቱ ያለውን ብረት ወደ ደም እንዲገባ ይረዳዋል። ሻይ ደግሞ ይህንኑ ስለሚከለክል፣ ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆየት ብላችሁ ጠጡ።

አትክልቱ ሳይከተፍ ይታጠብ። ከትፎ ማጠብ ጥቅሙን ከውሃው ጋር መድፋት ነው፤ አፈሩም ወደ ውስጥ ይገባል። የጥቅል ጎመን የላይኛው ቅጠል ሁለት ሦስቱ ተላጦ ይጣል። በመስኖ የበቀለ አትክልት፣ ውሃው ሰውና ከብት ከሚጸዳዱበት ሥፍራ ወርዶ ከሆነ፣ የወስፋት እንቁላል ይጣበቅበታል። በጥብስ ጊዜ ጎመኑ ከላይ ሞቆ መሐሉ ጥሬ ሆኖ ሊቀር ስለሚችል፣ «እሳት ያየዋል» ብላችሁ መታጠቡን አትተዉት።

በርበሬውንም እዩት። እርጥብ ቦታ ተቀምጦ የሻገተ፣ የተጓጎለ፣ የሻጋታ ሽታ ያለው በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል። ይህ መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ነው፤ የጉበት ካንሰርም ያመጣል፤ በማቁላላትም አይጠፋም። የሻገተውን ወንፍቶ ከደህናው ጋር መቀላቀል ደህናውን ማበላሸት ነው። በርበሬ ሲወቀጥ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ይቀመጥ፤ በእርጥብ ማንኪያ አይቀዳ።

አሠራሩ

ሁለት ሊትር ያህል ውሃ በብረት ድስት አፍሉ። ሲንተከተክ ደረቁን ኢንዶሚ ጨምራችሁ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቀቅሉት። በላስቲኩ ላይ ሦስት ደቂቃ የሚል ቢሆን እንኳ በሁለት አውጡት፤ ቀሪውን በመጥበሻው ላይ ይጨርሳል። እንደ ሊጥ የሚጣበቀው ብዙ ተቀቅሎ በገዛ ውሃው ውስጥ ሲቀመጥ ነው። በወንፊት አጥሉትና አንድ ማንኪያ ዘይት አርከፍክፋችሁ በሹካ አፍታቱት።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር እንንገራችሁ። ብዙዎች እንዳይጣበቅ ሲሉ የተቀቀለውን በቀዝቃዛ ውሃ ያለቀልቁታል። ውሃው ከወንዝ ወይም ካልተጠበቀ ምንጭ የተቀዳ ከሆነ፣ አሁን በፈላ ውሃ ተሐዋሲውን ገድለን፣ መልሰን በእጃችን ማስገባታችን ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በክሎሪን የታከመ ውሃ ካላችሁ ይሁን፤ ከሌላችሁ ዘይቱ ይበቃል። መቀቀያውን ውሃ ስትደፉም እግራችሁ ሥር ልጅ እንደሌለ አስቀድማችሁ እዩ።

እንቁላሉን ስትሰብሩ ቅርፊቱ ላይ የዶሮ ኩስ እንዳለበት አትርሱ፤ ሰብራችሁ ስታበቁ እጃችሁን እንደገና ታጠቡ። መጥበሻውን አሙቃችሁ በአንድ ማንኪያ ዘይት እንቁላሉን ጠንከር እስኪል ጠብሱት፤ ቆራርጣችሁም በሌላ ንጹሕ ሳህን አኑሩት። ጥሬው በነበረበት ሳህን አትመልሱት።

አሁን የቀረውን ሁለት ማንኪያ ዘይት ጨምሩና እሳቱን ጨምር አድርጉት። ሽንኩርቱ ጥቂት ለስለስ ሲል ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይግባ፤ እነዚህ ቶሎ ስለሚያሩ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ብቻቸውን አይቆዩ። ካሮቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ይቀድማል፤ ሦስት ደቂቃ እያገላበጣችሁ ጠብሱት። ቀጥሎ ጎመኑ ይግባ፤ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ። በርበሬውን በጋለ ዘይት ላይ በደረቁ ብትበትኑት ወዲያው ያርራል፤ ይመርራል፤ ጭሱም ቤቱን ሁሉ ያስላል። ስለዚህ በሁለት ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩትና ሽታው እስኪወጣ አማስሉት። ከዚያ ኢንዶሚው፣ እንቁላሉና ቃሪያው ይግቡ። ከከረጢቱ ቅመም ግማሹን ብቻ ነስንሱ፤ የቀረውን ለሌላ ጊዜ አኑሩት፤ ሌላ ጨው አያስፈልገውም። ሁሉንም ከሥሩ እያነሣችሁ ሁለት ደቂቃ ያህል አገላብጡት፤ ከመሐሉ እንፋሎት ሲወጣ ደርሷል። በጠቅላላው አንድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እንደ ጥብስነቱ ትኩሱን መብላት ነው።

ከጋለ ዘይት ተጠንቀቁ

በእሳት የተቃጠለ ሕፃን ወደ እኛ ሲመጣ ቁስሉ ላይ ብዙ ጊዜ የማናየው ነገር የለም፤ ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አንዳንዴም ጭቃ። እናቲቱ በፍቅር ያደረገችው ነው፤ ሙቀቱን ግን በሥጋው ውስጥ ያምቀዋል፤ ቁስሉንም ይበክለዋል። ትክክለኛው ነገር ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ በተቃጠለው ቦታ ላይ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ማፍሰስ ነው። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፤ ልጁ ይጮኻል፤ ቢሆንም ታገሡ። የቀረውን ሰውነቱን ሸፍናችሁ አሙቁት። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ አምጡት። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከተቃጠለ፣ ወይም ቁስሉ ከልጁ መዳፍ የሰፋ ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ጥብስ ስትሠሩ ልጅ አትዘሉ። የመጥበሻው እጀታ ወደ ውጭ አይውጣ። ከጉልቻው ዙሪያ በእርምጃ ያህል ርቀት ላይ ድንጋይ ወይም መደብ ቢከለልበት፣ ዳዴ የሚል ልጅ አይደርስም። ዘይቱ ነበልባል ቢይዝ ውሃ አትድፉበት፤ እሳቱን ይረጨዋል። መጥበሻውን በክዳን ድፍን አድርጋችሁ እሳቱን ከሥሩ አውጡ።

ስለ ተረፈው

ይህን ወረቀት እንድንጽፍ ያስነሣን ባለፈው ክረምት የገጠመን ነገር ነው። አንዲት እናት የሁለት ዓመት ተኩል ልጇን ታቅፋ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። ልጁ ከነጋ ሰባት ጊዜ አስመልሶታል። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ሲያለቅስ እንባ የለውም፤ ሆዱን ቆንጠጥ አድርገን ስንለቀው ቆዳው ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው። ታላቅ እኅቱም እንዲሁ ስታስመልስ ነበር። ምን እንደ በሉ ስንጠይቅ፣ ማታ የተረፈውን ኢንዶሚ ነው። «ከድኜ ነው ያሳደርኩት፤ ጠዋትም አሙቄዋለሁ እኮ! ትኩሱን ነው የሰጠኋቸው» እያለች በእንባ ታስረዳን ነበር። ልክ ናት፤ አሙቃዋለች። ከመምህራኖቻችን የተማርነውን ለእርሷ ማንም አልነገራትም፤ እኛም ብንሆን በዚያች መንደር ሦስት ጊዜ ስናስተምር ስለ አሞቁት ምግብ አንድ ቃል አልተናገርንም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሩዝ፣ በፓስታ፣ በኢንዶሚና በመሳሰሉት ላይ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ተሐዋሲ አለ። በአፈር ውስጥ ስለሚኖር ከእህሉ ጋር ይመጣል። ሲቀቀል አንዳንዱ ዘር ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ አይሞትም፤ ልክ እንደ ደረቅ የእህል ዘር ነው። ምግቡ ለብ ብሎ ሲያድር ያ ዘር ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝም ያወጣል። ጠዋት ስናሞቀው ተሐዋሲው ይሞት ይሆናል፤ መርዙ ግን ሙቀት አይበግረውም። ሽታውም ጣዕሙም ደህና ሆኖ ይቆያል፤ አሽትቶ ማወቅ አይቻልም። የበላው ሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ያስመልሰዋል። ትልቅ ሰው በአንድ ቀን ይሻለዋል፤ ሕፃን ግን በሰውነቱ ያለው ውሃ ጥቂት ስለ ሆነ ቶሎ ይደክማል።

ስለዚህ በልክ ሥሩ። ከተረፈም ከሁለት ሰዓት በላይ በጓዳ አይቀመጥ፤ በቆላ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት የተረፈውን ኢንዶሚ ያኔውኑ ለሚበላ ጎረቤት ይስጥ፤ ሰው ካልተገኘ ለዶሮ ይሁን። ምግብ መጣል ነውር እንደ ሆነ እናውቃለን፤ እኛም በዚያው ቤት ነው ያደግነው። ቢሆንም የአንድ ሳህን ኢንዶሚ ዋጋ ከሕክምናው መንገድ ዋጋ ጋር አይተያይም። እንጀራ አድሮ ይበላል፤ ብትሉን፣ እንጀራ ቦክቶ የኮመጠጠ ስለ ሆነ ነው፤ ኮምጣጣው ይጠብቀዋል። ኢንዶሚ ያ ጥበቃ የለውም።

ያን ልጅ ኦ.አር.ኤስ. በሻይ ማንኪያ እያደረግን በየደቂቃው ሰጠነው። ሲያስመልሰው አሥር ደቂቃ ጠብቀን፣ ከበፊቱ ይበልጥ ቀስ እያልን እንደገና ጀመርን። ወደ ማታ ግድም ሸና፤ እናቲቱም ሳቀች። እናንተም ቤት ይህን ማድረግ ይቻላችኋል። አንዱን እሽግ፣ በላዩ በተጻፈው ልክ፣ በንጹሕ ውሃ በጥብጡት፤ ውሃው አይብዛም አይነስም። በተቀመጠ ቁጥር ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ። ከአንድ ቀንና ሌሊት በኋላ የቀረውን ድፉና አዲስ በጥብጡ። ጡት አታቋርጡ። ተቅማጥ ካለበት ከጤና ኬላ የሚሰጠውን የዚንክ ኪኒን፣ ተቅማጡ ቢቆምም፣ አሥሩን ቀን ይጨርሰው። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ዓይነ ምድሩ ደም ካለበት፣ ቤት አታቆዩት።

ለሕፃናትና ለጾም ጊዜ

ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን የእናት ጡት ብቻ ነው፤ ኢንዶሚም ሾርባውም አይሰጠው። ከዚያ በላይ ለሆነው የበርበሬውና የከረጢቱ ቅመም ከመግባታቸው በፊት ድርሻውን ለዩለት፤ ካሮቱና እንቁላሉ በደንብ ይድቀቁለት፤ ክሩም በአጭሩ ይቆረጥ። ረጅሙን ክር ሲስብ ያንቀዋል።

በጾም እንቁላሉ ይቀራል፤ በምትኩ አስቀድሞ የተቀቀለ ምስር ወይም ሽምብራ ሁለት ጭልፋ ከጎመኑ ጋር ይግባ። በከረጢቱ ቅመም ውስጥ የዶሮ ወይም የሥጋ ጣዕም የተባለ ካለ ለጾም አይሆንምና በጨውና በጥቂት ኮረሪማ ተኩት። የተቆላ ለውዝ ቢገኝ ወቅጣችሁ በመጨረሻ ላይ ነስንሱበት፤ ያልሻገተ ይሁን፤ ሙሉ ፍሬውን ግን ለትንሽ ልጅ አትስጡ፤ ጉሮሮውን ይዘጋዋል።